ራዲዮናችን በክረምት ስለ ምን ይንጫጫል?



«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት፥ ሰው ስለ ራሱ የሚነገረውን ሳይሰማ መቅረቱን ለማመልከት ነው። እኛ ግን ዛሬ ይህንኑ ምሳሌ ለሌላ ጉዳይ ልንጠቅሰው ወደድን። ክረምት በገባ ቍጥር በየቤታችን ከተቀመጠው ራዲዮ ውስጥ የሚወጣ አንድ ድምፅ አለ፤ እርሱም ቋ፥ ጭር፥ ጥስ እያለ የተናጋሪውን ቃል የሚቈራርጠው ጫጫታ ነው። ሁላችንም እንሰማዋለን፤ ሰምተን የምናደምጠው ግን ጥቂቶች ነን። ብዙው ሰው መሣሪያው የተበላሸ መስሎት በመዳፉ ይመታዋል፤ ወይም ተቈጥቶ ይዘጋዋል። ነገር ግን ይህ ጫጫታ ለቤተ ሰብ የሚጠቅም ወሬ ይዞ የሚመጣ መልእክተኛ ነውና፥ ከወዴት እንደሚመጣ፥ ሊቃውንትም እንዴት እንደ ለኩት፥ እኛም በቤታችን እንዴት ልንቈጥረው እንደምንችል በዛሬው ጽሑፋችን እንገልጻለን።

ባለፈው ሐምሌ በአንድ እሑድ፥ ከቀትር በኋላ፥ በአቃቂ ወደሚኖሩ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ቤት ለጥየቃ ሄደን ነበር። ሽማግሌው ብዙ ዘመን በመንግሥት ሥራ ቈይተው በጡረታ ያረፉ ሰው ናቸው። በዚያን ሰዓት የአቃቂ ሜዳ ሰማይ ጥርት ያለ ነበር፤ በምሥራቅ በኩል ብቻ ከየረር ተራራ በላይ ነጭ ደመና እንደ ተነደፈ ጥጥ ተቈልሎ ይታይ ነበር። ሽማግሌው ወሬ ለመስማት አሮጌውን ራዲዮናቸውን በመካከለኛው ሞገድ ቢከፍቱት የተናጋሪው ድምፅ በየጊዜው ይቈረጥ ጀመር። በመዳፋቸውም መታ መታ አደረጉትና «ይህስ እንደ ባለቤቱ አርጅቷል» ብለው ሣቁ።

የልጅ ልጃቸው የሆነች ተማሪ በአጠገባቸው ተቀምጣ ነበርና «አባባ፥ ራዲዮውስ ደኅና ነው፤ የሚጮኸው የየረር ደመና ነው» አለቻቸው። ሽማግሌውም «ደመናው እዚያ፥ ራዲዮው እዚህ፤ ማን አገናኛቸው ልጄ?» ብለው ጠየቋት። ልጅቱ ቃል ሳትመልስ ሰዓቷን አውጥታ የራዲዮውን ቋቋታ መቍጠር ጀመረች። በመጀመሪያው ደቂቃ 4 ጊዜ ጮኸ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ብትቈጥር 11 ሆነ፤ እንደ ገና ቈይታ ብትቈጥር ከ30 በለጠ። በዚህን ጊዜ በሜዳው ላይ ፀሓይ ገና ትበራ ነበር፤ ነጎድጓድም አልተሰማም። ሽማግሌው ግን አስተዋይ ሰው ናቸውና ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። «እንግዲያስ ልጆቹ ከሜዳ ይግቡ» ብለው አሽከር ላኩ፤ ከብት የሚጠብቁት ሦስቱ ልጆች ከአንዲት ብቸኛ ግራር ሥር ተቀምጠው እንደሚውሉ ያውቁ ኖሯል።

ልጆቹ ገብተው ከምድጃው ዳር በቈሎ ሲጠብሱ ዝናቡ ከነነፋሱ ደረሰ። ከዚያም ዐይን የሚያጨልም ብልጭታ ከነጎድጓዱ ጋራ በአንድነት ሆነና ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ወጥተን ብናይ ያቺ ግራር ከጫፏ እስከ ሥሯ ተሰንጥቃ፥ ልጣጩዋ በሣሩ ላይ ተበትኖ አገኘነው። ሽማግሌው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆሙ፤ በኋላም ወደ ልጅቱ ዘወር ብለው «ያን ቍጥር ለእኔም አስተምሪኝ» አሏት። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ይኸው ነው።

የመብረቅ ሦስት መልእክተኞች

መብረቅ ምንድር ነው ቢሉ፤ በደመና ውስጥ በረዶና የበረዶ ብናኝ በነፋስ ኀይል እየተጋጨ ሲፋተግ የሚከማች የኤሌክትሪክ ኀይል ነው። ይህ ኀይል ደመናው ሊይዘው ከሚችለው በላይ በሆነ ጊዜ በደመናው ውስጥ ወይም ወደ ምድር በድንገት ይፈስሳል። በአንድ ብልጭታ የሚፈስሰው ኤሌክትሪክ በብዙው ጊዜ እስከ 30,000 አምፔር ይደርሳል። በቤታችን የመብራት መቈጣጠሪያ ውስጥ የሚያልፈው ግን ከጥቂት አሥር አምፔር የማይበልጥ ነውና፥ አንባቢ ልዩነቱን ከዚህ ይመዝን።

መብረቅ በወደቀ ጊዜ ሦስት መልእክተኞችን ይልካል። የመጀመሪያው ብርሃን ነው፤ እርሱን ዐይን ይቀበለዋል። ሁለተኛው ነጎድጓድ ነው፤ እርሱን ጆሮ ይሰማዋል። ሦስተኛው ግን ዐይን የማያየው ጆሮም የማይሰማው የራዲዮ ሞገድ ነው፤ እርሱን የሚቀበለው የራዲዮ ሽቦ ብቻ ነው። ብርሃኑና ሞገዱ በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ፤ ስለዚህ በአንድነት ይደርሳሉ። ነጎድጓዱ ግን እግረኛ ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ከ15 ወይም ከ20 ኪሎ ሜትር በላይም አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም። ብርሃኑንም ቢሆን ተራራና ደመና ይጋርደዋል። ሞገዱ ግን ተራራውን አልፎ በመቶ፥ አንዳንድ ጊዜም በሺህ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በአቃቂ ፀሓይ ሳለች የየረር ደመና በራዲዮ የተሰማበት ምክንያት ይህ ነው።

ሌላም ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። የመብረቅ ሞገድ በሁሉም ዓይነት ሞገድ ላይ እኩል አይጮኽም። ከሁሉ ይልቅ የሚበረታው በሰከንድ ከ5,000 እስከ 10,000 ጊዜ በሚርገበገበው በረጅሙ ሞገድ ነው፤ ርግብግቢቱ እየፈጠነ በሄደ መጠን የመብረቁ ጩኸት ይደክማል። በሰከንድ ከ30 ሚሊዮን ጊዜ በላይ በሆነው ላይ ከሩቅ የሚመጣው የመብረቅ ጫጫታ ከቍጥር የሚገባ አይደለም። ዛሬ በየከተማው የሚሰሙት የኤፍ ኤም ጣቢያዎች በክረምትም ጥርት ብለው የሚናገሩት አንደኛ ሞገዳቸው ከዚህ በላይ ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛም ኤድዊን አርምስትሮንግ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1933 የባለቤትነት መብት ያገኘበት የአነጋገር ዘዴ የታሰበው ይህንኑ ጫጫታ ለማጥፋት ስለ ነበረ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።)

ራዲዮ መጀመሪያ የሰማው ማንን ነው?

ብዙ ሰው ራዲዮ የተሠራው የሰውን ቃል ለመስማት ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ከመጀመሪያዎቹ የራዲዮ መቀበያዎች አንዱ የሰማው ሰውን ሳይሆን መብረቅን ነው። በ1895 አሌክሳንደር ፖፖቭ የተባለው የመስኮብ ሊቅ የብረት ብናኝ በተሞላ የመስተዋት ቱቦ ትንሽ ደወል አገናኝቶ፥ መብረቅ በሩቅ በበረቀ ቍጥር ደወሉ እንዲመታ አደረገ። በዚያው ዓመት ግንቦት በሴንት ፒተርስበርግ ከሊቃውንት ጉባኤ ፊት አቅርቦ አሳየው፤ በበጋቸውም የአየር ጠባይ በሚመረመርበት ስፍራ ተተክሎ የሚመጣውን ነጎድጓድ በወረቀት ላይ ይመዘግብ ጀመር። እንግዲህ የአቃቂዋ ተማሪ ባለፈው ሐምሌ ያደረገችው ነገር፥ ፖፖቭ ከመቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት ያደረገው ነው።

በአገራችንም ይህ ጉዳይ ለአቃቂና ለአካባቢዋ እንግዳ አይደለም። ከአዲስ አበባ በሳሪስና በቃሊቲ አልፎ ወደ አቃቂ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ «ንፋስ ስልክ» የሚባለውን ሰፈር ያውቃል። ስሙ ያለ ሽቦ በነፋስ ላይ የሚሄደውን ቴሌግራም ለማመልከት አባቶቻችን ያወጡት ቃል ነው፤ ሥራው ተለውጦ ስሙ ብቻ በሰፈሩና በክፍለ ከተማው ላይ ቀርቷል። የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያም በ1930ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ ተሠራ። በ1935 የጦርነት ደመና በአገራችን ላይ ባንዣበበ ጊዜ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኢትዮጵያን አቤቱታ ለዓለም ያሰሙት ከዚሁ ጣቢያ ነበር። በአዲስ አበባ የተሰበሰቡት የውጭ አገር ጋዜጠኞችም ወሬያቸውን በዚያን ዓመት በራዲዮ ቴሌግራም ይልኩ ነበር።

በዚያን ጊዜ የአንድ አገር ድምፅ መሰማቱና አለመሰማቱ በምን ላይ ይቆም ነበር ቢሉ፤ በጣቢያው ጕልበት ላይ ብቻ አልነበረም። ከአቃቂ የተነሣው ሞገድ ለንደን ወይም ኒው ዮርክ ሲደርስ ደክሞ ነው፤ ደክሞም በዚያ አገር ሰማይ ካለው የመብረቅ ጫጫታ ጋራ ይታገላል። ከዚያ ወደ እኛ የሚላከውም እንዲሁ በእኛ ሰማይ ካለው ጋራ ይታገላል። በሠርግ ቤት መካከል የሚንሾካሾክ ሰው ቃሉ እንደማይሰማለት፥ ጫጫታው ከበለጠ የተናጋሪው ነገር ይጠፋል። አድማጩ የራዲዮውን ድምፅ ከፍ ቢያደርገው ጫጫታውም አብሮ ከፍ ይላልና አይጠቅመውም። ስለዚህ የራዲዮ ሰዎች መድኀኒት አድርገው የያዙት ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም ጫጫታው የሚያንስበትን ሰዓትና ጫጫታው የሚያንስበትን ሞገድ መምረጥ ነው። ይህን ለመምረጥ ግን ጫጫታው አስቀድሞ መለካት አለበት።

ሊቃውንት ጫጫታውን እንዴት ለኩት?

ስኮትላንዳዊው ሮበርት ዋትሰን ዋት ከ1915 ጀምሮ በአገሩ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ሆኖ አይሮፕላን ነጂዎችን ከነጎድጓድ ለመጠበቅ ሲል የመብረቅ ሞገድ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ ይመረምር ነበር። ብልጭታው ከሰከንድ ሽራፊ በላይ ስለማይቈይ አቅጣጫውን በእጅ አዙሮ ለመያዝ አልተቻለውም፤ ስለዚህ ሞገዱ በመስተዋት ላይ የብርሃን መስመር ሆኖ የሚታይበትን መሣሪያ ሠራ። በዚህ ያገኘው ዕውቀት በ1935 አይሮፕላንን ከሩቅ ወደሚያሳየው ወደ ራዳር አደረሰው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የካርል ጃንስኪ ነገር ነው። ይህ ወጣት አሜሪካዊ የሚሠራበት የስልክ ኩባንያ፥ ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚሄደውን ንግግር የሚያውከው ጫጫታ ከወዴት እንደሚመጣ እንዲመረምር አዘዘው። እርሱም በኒው ጀርሲ ሜዳ ላይ በመኪና ጐማዎች ላይ የሚዞር ትልቅ የሽቦ መቀበያ ሠርቶ ከ1931 ጀምሮ ሌሊትና ቀን ይመዘግብ ጀመር። ጫጫታውንም በሦስት ከፈለው። አንደኛው የቅርብ ነጎድጓድ፥ ሁለተኛው የሩቅ ነጎድጓድ ነበር። ሦስተኛው ግን ሳያቋርጥ ሽ የሚል ቀጭን ድምፅ ሆኖ በየቀኑ በ4 ደቂቃ ቀድሞ የሚመጣ ነበር። ከዋክብትም በየቀኑ በ4 ደቂቃ ቀድመው ይወጣሉና፥ ድምፁ ከምድር ሳይሆን ከከዋክብት ጭፍራ መካከል እንደሚመጣ ተረዳ፤ በ1933ም ለዓለም አስታወቀ። ነጎድጓዱን በትዕግሥት ለይቶ ባይቈጥር ኖሮ የከዋክብቱን ድምፅ ባላገኘም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው የአንድ ሰው ሳይሆን የመንግሥታት ሆነ። በ1957ና በ1958 ዓለም ሁሉ ምድርንና ሰማይን በኅብረት በመረመረበት ዓመት፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው አባ ፒየር ጉዋን መሪነት የምድርን መግነጢስ የሚመረምር ቤት ተቋቋመ። በዚያው ወራትም የመብረቅን ጫጫታ የሚመዘግቡ አንድ ዓይነት መሣሪያዎች በየክፍለ ዓለሙ ይተከሉ ጀመር። በአፍሪቃ ምድር በኢባዳን፥ በራባትና በፕሪቶሪያ ነበሩ። አሠራራቸውም ይህ ነው፤ ከአንድ ቀጥ ያለ አጭር ምሰሶ የሚገባውን ጫጫታ በልዩ ልዩ ሞገድ ላይ በየሰዓቱ ይመዝኑና ኀይሉን ይመዘግባሉ።

የመመዘኛው ነገር አንባቢን እንዳያስቸግር በአጭሩ እንግለጸው። ማናቸውም ሽቦ ሙቀት ስላለው ብቻ ከራሱ የሚያወጣው እጅግ ጥቂት ጫጫታ አለ። ሊቃውንት ይህን እንደ መነሻ ይዘው፥ የመብረቁ ጫጫታ ከዚህ ስንት እጥፍ እንደሚበልጥ ዴሲቤል በሚባል መስፈሪያ ይጽፋሉ። 10 ዴሲቤል ማለት 10 እጥፍ፥ 20 ማለት 100 እጥፍ፥ 30 ማለት 1,000 እጥፍ ነው። እንደዚህ ከተሰበሰበው መዝገብ በ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ የዓለም የራዲዮ ጉባኤ 24 ካርታዎች አወጣ። አራቱን ወቅቶች እያንዳንዳቸውን ቀኑን በ4 ሰዓት በተከፈለ በስድስት ክፍል ቢያባዙ 24 ይሆናልና ነው። የመለኪያ ጣቢያ በሌለበት ስፍራ ደግሞ በዓመት ስንት ቀን ነጎድጓድ እንደ ተሰማ የሚያሳየውን የየአገሩን መዝገብ ተመልክተው ሞሉት። ከካርታዎቹም የታየው፥ ከሁሉ ይልቅ ጫጫታ የሚበዛባቸው ሦስት ስፍራዎች ናቸው፤ እነርሱም የአፍሪቃ፥ የደቡብ አሜሪካና የእስያ ደሴቶች የሞቃት ምድር ናቸው።

በዛሬው ጊዜ በየአገሩ የተተከሉ መቀበያዎች አንዱን መብረቅ በአንድነት ሰምተው፥ ሞገዱ ለእያንዳንዳቸው የደረሰበትን የጊዜ ልዩነት በማነጻጸር መብረቁ የወደቀበትን ስፍራ ያውቃሉ። ከሰማይ በላይ የምትዞር ሳተላይትም በ1990ዎቹ ዓመታት በቈጠረችው መሠረት በምድር ሁሉ ላይ በአንድ ሰከንድ 44 ያህል መብረቅ ይበርቃል። አንባቢ ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር አንብቦ እስኪጨርስ ከሁለት መቶ በላይ በርቋል ማለት ነው።

የደጋችን ነጎድጓድ እስከ ወዴት ይደርሳል?

አንዳንድ ሰው የእኛ ነጎድጓድ ለእኛ ብቻ የሚያስፈልግ ወሬ ይመስለው ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በ2000 በነሐሴ ወር በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ አልቤርቶ የተባለ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ተነሥቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቈይቶ ነበር። ሊቃውንት ከየት እንደ ተነሣ ወደ ኋላ እየተከተሉ ቢመረምሩ፥ በሐምሌ መጨረሻ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከተከማቸው የነጎድጓድ ደመና ጋራ የተያያዘ ሆኖ አገኙት፤ ይህንም በ2003 ጻፉ። በ2007 ደግሞ ኮሊን ፕራይስና ባልንጀሮቹ የ2005ንና የ2006ን መዝገብ መርምረው፥ በምሥራቅ አፍሪቃ ደጋ ላይ የመብረቅ ብዛት በጨመረ ጊዜ ከዚያ በኋላ በአትላንቲክ ላይ ዐውሎ ነፋስ የሚነሣበት ጊዜ እንደሚበዛ ገለጡ። ከደጋችን የተነሣው የነፋስ ማዕበል አፍሪቃን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋርጦ ውቅያኖስ ላይ ይወርዳልና ነው። ስለዚህ በእኛ ተራራ ላይ የሚበርቀውን የሚቈጥር ሰው ለራሱ ቤት ብቻ ሳይሆን ውቅያኖስ ማዶ ላለው ሰውም ይቈጥራል።

በቤት ውስጥ እንዴት ይቈጠራል?

ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በባትሪ የሚሠራ፥ መካከለኛ ሞገድ ያለው ማናቸውም ራዲዮ ይበቃል። መጀመሪያ ጣቢያ የሌለበትን ባዶ ስፍራ ፈልጉና ምልክት አድርጉበት፤ ድምፁንም በአንድ ልክ አቁሙት፤ ከዚያ በኋላ አትለውጡት። ራዲዮውን ከመብራት፥ ከቴሌቪዥንና ከስልክ ኀይል መሙያ አርቃችሁ አስቀምጡ፤ እነዚህም ይጮኻሉና። ነገር ግን የእነርሱ ጩኸት ሳያቋርጥ እንደ ንብ የሚያምም ነው፤ የመብረቁ ግን ድንገት ቋ ብሎ የሚጠፋ ስለ ሆነ መለየቱ አያስቸግርም።

ከዚህ በኋላ አንዱ ልጅ ሰዓት ይያዝ፥ ሌላው ይቍጠር፤ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደ ጮኸ በደብተር ይጻፍ። ጧት በ12 ሰዓት፥ በቀትር በ6 ሰዓት፥ ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት፥ ማታም በ3 ሰዓት ቢደረግ መልካም ነው። ይህን ለአንድ ወር ያህል ያደረገ ቤተ ሰብ ሁለት ነገር ይማራል።

የመጀመሪያው፥ በቀን የሚሰማው ጫጫታ የቅርብ መሆኑ ነው። በቀን ፀሓይ ከምድር በላይ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ባለው የአየር ክፍል ላይ አንድ መጋረጃ ትዘረጋለች፤ ይህም መጋረጃ ከሩቅ የሚመጣውን መካከለኛ ሞገድ ይውጠዋል። ስለዚህ በቀን ቍጥሩ ቶሎ ቶሎ ከጨመረ ደመናው ወደ እናንተ እየቀረበ ነውና ተጠንቀቁ። ሁለተኛው፥ የሌሊቱ ጫጫታ የሩቅ ሊሆን መቻሉ ነው። ፀሓይ ስትጠልቅ መጋረጃው ይገፈፋል፤ ከእርሱ በላይ ያለው የአየር ክፍል ግን ሞገዱን እንደ መስተዋት እየመለሰ ከሌላ አገር ያመጣዋል። ስለዚህ ማታ ሰማዩ በከዋክብት ተሞልቶ ሳለ ራዲዮው ቢንጫጫ አትፍሩ፤ የምትሰሙት ምናልባት የኮንጎን መብረቅ ነው።

ብልጭታው በዐይን መታየት ከጀመረ ግን ራዲዮውን ትታችሁ ሰከንድ ቍጠሩ። ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ ያለውን ሰከንድ ለ3 ብታካፍሉት ርቀቱን በኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ። 30 ሰከንድ ቢሆን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም የሚበቃ ርቀት አይደለም፤ የሚቀጥለው መብረቅ በራስ ላይ ሊወርድ ይችላልና።

ለቤተ ሰብ የሚገባ ጥንቃቄ

«ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» እንደሚባለው ጥንቃቄ አስቀድሞ ነው። ራዲዮው በቀን መንጫጫቱን ሲጨምር ወይም ነጎድጓድ ሲሰማ ከሜዳ ያሉትን ልጆች፥ እረኞችንና አራሾችን ወደ ቤት ጥሩ። ከብቸኛ ዛፍ ሥር መጠለል አደገኛ ነው፤ በአቃቂ ያየናት ግራር ምስክር ትሁን። ከወንዝና ከግድብ ውሃ ውጡ፤ ከከብት አጥርና ከማናቸውም ረጅም የሽቦ አጥር ራቁ። የሣር ጐጆ ከዝናብ ያድናል እንጂ ከመብረቅ አያድንም፤ በደንብ የተሠራ ሰፊ ቤት ወይም ጣራው የብረት የሆነ የተዘጋ መኪና ይሻላል። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አትውጡ፤ ዝናቡ ቆመ ብለው ቶሎ የወጡ ብዙዎች ተጎድተዋልና።

በጣራ ላይ የራዲዮ ወይም የቴሌቪዥን ሽቦ ያለው ቤት፥ ዝናቡ ሳይደርስ ሽቦውን ከመሣሪያው ይንቀል፤ ዝናቡ ከደረሰ በኋላ ግን አይንካው። ከመብራት ሽቦ ጋራ የተያያዘውም ራዲዮ እንዲሁ አስቀድሞ ይነቀል። ቍጥሩን በባትሪ በሚሠራ ራዲዮ አድርጉ ያልነው ለዚህ ነው።

ሰው በመብረቅ የተመታ እንደ ሆነ ደግሞ ኤሌክትሪኩ በሰውነቱ ውስጥ ቀርቶ የሚነካውን ይገድላል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ ይህ ግን እውነት አይደለም። የተመታ ሰው ኤሌክትሪክ አይዝም፤ ያለ ፍርሃት ሊነካ ይገባዋል። ትንፋሹ ቢቆም ወዲያው ደረቱን በሁለት እጅ ጠበቅ አድርጎ በፍጥነት መጫንና መልቀቅ፥ እስኪረዱት ድረስም አለማቋረጥ ያስፈልጋል። ሞቶ የመሰለ ብዙ ሰው በዚህ ዳግመኛ ተንፍሷል። ይህን የማያውቅ ቤተ ሰብ በፍርሃት ቆሞ ያያል፤ ያወቀ ግን ወገኑን ያተርፋል።

የአቃቂው ሽማግሌ ዛሬ ራዲዮናቸውን መምታት ትተዋል። ከአጠገቡ አንድ ደብተርና እርሳስ አስቀምጠዋል፤ የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት በምትውልበት ቀን ራሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ይቈጥራሉ። እረኞቹም ሽማግሌው በበረንዳ ላይ ቆመው ነጭ ጋቢያቸውን ሲያውለበልቡ ባዩ ጊዜ፥ ፀሓይ ብትበራም እንኳ ምክንያቱን ሳይጠይቁ ከብቶቻቸውን ነድተው ይገባሉ።